የሀጀራ እጅና የሻሼ እንቁላል

አስካለ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ከሮቢት በታች ባለችው መንደራቸው «አስካለን ለመጠየቅ ቤቷ አትሂድ፤ መንገድ ዳር ቆመህ ጠብቃት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ውሃ ቀድታ ተመልሳ እንስራውን እንዳወረደች እንጨት ለቀማ ትወጣለች። ከእንጨት ስትመለስ አጥሯን ታጥራለች። የራሷ አጥር ሲያልቅ የጎረቤቱን እየዞረች ታያለች።

ልጅ ሳለች እንዲህ አልነበረችም። ጎብዬ ተወልዳ እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማረች፤ ከዚያ ደብተሩ ቀረና ተዳረች። ባሏ ጓንጉል ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን በተጫነ ዕለት፣ ዞር ብሎ ሳያያት መኪናው ታጠፈ። ከዚያ ወዲህ አስፋልቱን ሳታይ የዋለችበት ቀን የለም። ደብዳቤም አልመጣ፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ቢመጣ ተቀምጣ አልቅሳ በተነሳች ነበር። ስላልመጣ መቀመጡም መነሳቱም እንዲሁ ሳይለይላት ቀረ።

ከአጥሯ ማዶ ሀጀራ አለች። ሀጀራ ባሏን በሰባ ሰባቱ ረሃብ ቀብራ ብቻዋን የቀረች ናት። ያኔ ሁለቱ ሴቶች አንዲት ጣሳ ማሽላ ተካፍለው ያደሩበት ጊዜ አለ። አስካለ ስለዚያ ማውራት አትወድም፤ ሀጀራም አታነሳውም። ብቻ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ባለው አጥር ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የምታልፍበት ቀዳዳ ተከፈተ፤ አጥር የምትወደው አስካለም እሱን አልደፈነችውም።

ሀጀራ በመንደሩ የምትታወቀው በእጇ ነው። እጀ ርጥብ ይሏታል። ዶሮዋ ታቅፋ ጫጩት እንድትፈለፍልላት የፈለገች ሴት፣ ክርስቲያንም ትሁን እስላም፣ እንቁላሉን ራሷ አታስቀምጥም፤ ሀጀራን ታስጠራለች። ሀጀራ እጇን ታጥባ፣ «ቢስሚላህ» ብላ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጭዱ ላይ ትደረድራለች። ከዚያ ዶሮዋን አንስታ በላያቸው ታስቀምጥና ጀርባዋን በመዳፏ ታሻታለች። ዋጋ አትቀበልም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መጥታ እንድታይ ይነገራታል፤ እሷም «ማሻአላህ፣ ጭልፊት አይይብሽ» ብላ ትመርቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሻሼ የመጣችው በሰባ ስምንት ነው። ከመንግሥት በኩል ለሴቶች ማኅበር የፈረንጅ ዶሮዎች ተልከው ዕጣ ሲወጣ አንዷ ለአስካለ ደረሰች። ሌሎቹን ግማሹን ፈንግል የሚሉት የዶሮ ወረርሽኝ፣ ግማሹን ሸለምጥማጥ ጨረሳቸው። የአስካለ ብቻ ቀረች። እንደ ታጠበ ሻሽ ነጭ ስለሆነች ሻሼ አለቻት። ሻሼ በየቀኑ ማለት ይቻላል ትጥላለች፤ መታቀፍ ግን አታውቅም። እንቁላሏን ጥላ፣ ጮሃ፣ መሬት ወደ መጫሯ ትሄዳለች።

«ይቺ ዶሮ አንቺን ወጥታለች» ትላት ነበር ሀጀራ። «ቁጭ ማለት የሚባል አልፈጠረባት!»

«ባልቀመጥስ ምን ጎደለብሽ?»

«እኔማ ምን ይጎድልብኛል። መሬቱ አዘነ እንጂ፣ ስትረግጪው ስትውይ።»

የሻሼ ዘር በመንደሩ እንደ ሠርግ ጥሪ ተዳረሰ። የፈረንጅ ዶሮ ዘር ያልፈለገ ቤት አልነበረም። አስካለም አልሰሰተችም። ለሁሉም ሰጠች፤ ለራሷም ቀይ የሐበሻ ዶሮዋን በሀጀራ እጅ አስታቀፈች። ሴቶቹ የሻሼን እንቁላል ከራሳቸው ዶሮ እንቁላል ጋር ቀላቅለው ያቀርባሉ፤ ሀጀራ በየቤቱ ዞራ ታስታቅፋለች። በሰባ ዘጠኝ ሚያዝያ መንደሩ ውስጥ ነጭና ዥጉርጉር ጫጩት እግር እያደናቀፈ ነበር። አስካለ በየደጁ ስታልፍ የሻሼን ልጆች እያየች ልቧ ይሞቃል። ለራሷ ልጅ አልወለደችም።

የዚያ ዓመት ክረምት ከዳቸው። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አንድ ጊዜ መጣና ቀረ። ሰዉ ጎርፉን ወደ ማሳ የሚመልሰውን ጠለፋ አዘጋጅቶ፣ ድንጋይና እሾህ ከምሮ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነሐሴ አለቀ። ማሽላው ቁመቱ ሳይሞላ ደረቀ። መስከረም ሲጠባ የሰው ፊት እንደ ሰባ ሰባቱ መምሰል ጀመረ፤ «ሰፈራ» የሚለው ቃልም ተመልሶ መጣ።

ዶሮዎቹ መሞት የጀመሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ፈንግል ቢሆን ሰዉ ያውቀዋል፤ ፈንግል በአንድ ሳምንት ቤቱን ጠርጎ ይሄዳል። ይህኛው ግን የተረጋጋ ነበር። እንቁላል ልትጥል የደረሰች ቄብ በራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ ደረቷ ይከሳል፣ ሆዷ ይነፋል። ከዚያ አንድ ጥግ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ትቀራለች። ዛሬ እዚህ ቤት፣ ሳምንት እዚያ ቤት።

መጀመሪያ የተናገረችው ወለላ ናት፤ ምላሷ ከወንዝ ወንዝ የሚያሻግር ሴት። ውሃው ዳር ቆማ፣ «በየቤቱ የገባ እጅ ማን ነው? እስቲ ንገሩኝ፤ ማን ነው?» አለች።

ማንም ስም አልጠራም። አስካለ እንስራዋን ሞልታ ነበር። «ተይ፣ አትናገሪ» ማለት ትችል ነበር። ሌላም ሐሳብ በራሷ ውስጥ ሽው ብሎ አለፈ፤ በየቤቱ የገባው የሀጀራ እጅ ብቻ አይደለም የሚል ሐሳብ። እሱን ሳትጨርሰው እንስራዋን አዘለችና ሄደች። ያን ቀን አራት ጊዜ ውሃ ቀዳች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችው።

ወሬው ሥር ለመያዝ ጊዜ አልፈጀበትም። «ርጥብ ነው ያልነው እጅ ቡዳ ሆኖ ተገኘ» ተባለ። ሀጀራ ስታልፍ ሴቶች ጫጩት በቁና ይከድናሉ። ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሳው ከወረዳ ተመልሶ፣ ለሰፈራ ሰው እንደሚፈለግ ተናገረ።

«በፈቃደኝነት ነው» አለ ካሳው፤ ላቡን እየጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። «ፈቃደኛ ካልተገኘ ግን ፈቃደኛ እንመርጣለን።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። ወለላ ከኋላ፣ «ብቻዋን የሆነች፣ ለመንደሩ የማትበጅ ሴት አለች አይደል» አለች። ካሳው አልመለሰላትም፤ ዝም ግን አላሰኛትም። ለገበያ ማግስት ሸንጎ ጠራና ሰዉን በተነ።

በማግስቱ አስካለ በራሷ ደጅ ከታመሙት ቄቦች አንዷን እንቅብ ውስጥ ከታ፣ በነጠላ ሸፍና ወደ ቆቦ ወጣች። መኪና ቆሞላት ነበር፤ አልተሳፈረችም። በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ዶሮዋ ሞተች። ሬሳውን ይዛ መሄዷን አልተወችም።

ቆቦ ላይ የከብት ሐኪም ቤት አለ። ሐኪሙ ዶክተር ታረቀኝ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው። ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ሲሆን የቆላውን ሙቀት አሁንም አልለመደውም። እንቅቡን ከፍቶ አያትና፣ «እማማ፣ ለሞተች ዶሮ መድኃኒት የለኝም እኮ» አላት።

«መድኃኒት አልፈልግም፤ ምን እንደገደላት ይንገሩኝ። ሰው ልትሄድብን ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ምላጭ አምጥቶ ዶሮዋን በጀርባዋ አጋድሞ ሰነጠቃት። አስካለ በዕድሜዋ ስንት ዶሮ በልታለች፤ እንዲህ ያለ ጉበት ግን አላየችም። ሆዷን ሙሉ ይዞታል፤ ላዩ ላይ ነጫጭ እብጠት እንደ ሽምብራ ተበትኖበታል።

«ፈንግል አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ትልቅ ጉበት ይሉታል። ቫይረስ ነው፤ በዓይን የማይታይ። የእጅም የዓይንም ነገር የለበትም።»

«እንዲህ ስል ማን ያምነኛል? ከየት እንደሚመጣ ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እሷን «ተቀመጡ» አላት፤ አልተቀመጠችም። ቆማ ሰማችው።

«ሌላው ቫይረስ እንደ ሌባ ነው» አለ። «ይገባል፣ ይዘርፋል፣ ይወጣል። ይሄኛው ግን የሚኖረው እዚያው ነው። የዶሮዋ ሥጋ በጣም ጥቃቅን ከሆኑ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ሴል እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የዘሯ ክር አለ፤ ነጭ ሁኚ፣ ቀይ ሁኚ፣ እደጊ፣ ማደግ ይብቃሽ የሚላት እሱ ነው። ቫይረሱ ሲገባ የራሱን ዘር ወደዚያ ዓይነት ክር ይለውጥና ከዶሮዋ ክር ጋር ይሰፋዋል። ከተሰፋ በኋላ የእሷ ነው። ሴሉ ሲባዛ አብሮ ይባዛል።»

«ማን ይሰፋዋል?»

«መርፌውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ግን መርፌ ብቻውን አይሰፋም። በሴሉ ውስጥ የሚሠሩ አሉ፤ ፕሮቲን እንላቸዋለን። ክሩን የሚጠቀልሉ፣ የሚዘረጉ፣ የተቀደደ የሚጠግኑ። የቤቱ ሠራተኞች በሏቸው። ቫይረሱ በእነሱ ይጠቀማል። ክሩ ተዘርግቶ ያገኘበት ቦታ መስፋት ይቀልለታል፤ ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለው ላይ ይቸገራል። አይጥ ላይ ደግሞ ያዩት ነገር አለ፤ የአንዳንዱ አይጥ ሴል ቫይረሱን ደጅ ካለፈ በኋላም ሳይሰፋ ያስቀረዋል። የትኛው ሠራተኛ እንደሚረዳው፣ የትኛው እንደሚከለክለው ሊቃውንቱም ገና አልጨረሱትም።»

አስካለ እግሯን ቀያየረች። «እንደ ጎርፍ ጠለፋ ነው በሉኛ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አይ፣ የእርስዎ አገር ዝናብ ስላለው አታውቁትም። ጎርፉ ከደጋ ነው የሚወርድ። የኛ አይደለም፤ የዘነበው ሌላ ሰው ላይ ነው። ግን ብቻውን ማሳ አይገባም። የኛው ሰው በአካፋ አፍ ይከፍትለታል፣ በድንጋይ ይመራዋል። የት እንደሚተኛ የሚወስነው የማሳው ሰው ነው።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ይሆናል። ጉልበቱ የጎርፉ፣ አካፋው የቤቱ። ደግሞ ቦታው ነው ዋናው። ብዙው ዶሮ ተሰፍቶበት ምንም ሳይሆን ይኖራል። ስፌቱ ‹እደግ› ከሚለው ትእዛዝ አጠገብ ያረፈበት ሴል ግን ማደግ ይብቃህ ቢሉት አይሰማም። ጉበቷ ላይ ያየነው እሱን ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«አብዛኛውን ጊዜ ከእናት፤ በእንቁላሉ ውስጥ። እናትየዋ ጤነኛ ትመስላለች። በደንብ ትጥላለች። ዕድሜዋንም ልትጨርስ ትችላለች። የሚሞቱት የትኞቹ ናቸው? ሁሉም?»

አስካለ መልሱን ታውቀው ነበር። ውሃው ዳር ሳትጨርሰው የሄደችው ሐሳብ ይኸው ተመልሶ ፊቷ ቆመ። «ነጮቹና ዥጉርጉሮቹ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «የሐበሾቹ ደህና ናቸው። በአንድ እንቅብ አብረው ተፈልፍለው።»

«እናታቸው የማን ናት?»

«የኔ።»

 አስካለ፣ «አይወጣም? የተሰፋው አይፈታም?» አለችው።

«አይፈታም፣ እማማ። እናትየዋን ማስወገድ ነው፤ ልጆቿንም። አዝናለሁ። ደግሞ ልንገርዎት፤ አርደው ቢከፍቷት ሆዷ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በእሷ ሆድ ለማስረዳት አይሞክሩ።»

ስትመለስ ዋጃ ደርሶ የሚመለስ የጭነት መኪና አሳፈራት። መኪናው ላይም ብድግ ቁጭ ስትል ሾፌሩ፣ «እመቤቴ፣ መኪናው ነው የሚሄደው፤ እርስዎ ይረፉ!» ብሎ ጮኸባት።

ቤቷ ስትደርስ ሻሼ ጥላ እየጮኸች ነበር። አስካለ እንቁላሉን አነሳችው። ይሞቃል። የባሏን ፎቶ ከምታኖርበት ሳጥን ቀጥሎ በዓለም ላይ የምትሳሳለት ይቺ ዶሮ ናት። በሻሼ ስም ሴቶች ደጇ ይመጣሉ፤ «እታለም አስካለ» ይሏታል። ነገ «የልጆቼን ዶሮ የፈጀሽው አንቺ ነሽ» ሊሏት ነው። ዝም ብትል ደግሞ የሚሄደው ሌላ ሰው ነው። እንቁላሉን አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እጇ ላይ እያደረገች ግቢዋን ዞረች፣ ዞረች። ከአጥሩ ማዶ ሀጀራ ድስቶቿን በገመድ ስታስር ይሰማታል። ማንም ሂጂ ሳይላት ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው።

ሸንጎው የተሰበሰበው ከሾላው ዛፍ ሥር ነው። ካሳው ስለ አዲሱ ምድር ለምነት፣ ስለ ትራክተር፣ ስለ ዝናቡ ተናገረ፤ ራሱም ያላየውን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀጀራ ከሰዉ ፈንጠር ብላ ቆማለች።

አስካለ ተነሳች። በነጠላዋ ሥር ሻሼን ይዛለች።

«አያ ካሳው፣ እኔ ልናገር።»

«አስካለ፣ ይሄ የዶሮ ጉዳይ አይደለም።»

«የዶሮ ጉዳይ ነው እንጂ! ሰው የምትሸኙት በዶሮ ነገር አይደል?» ወደ ሴቶቹ ዞረች። እግሯ መሄድ አምሮታል። «ወለላ፣ አንቺ ተናገሪ። ሀጀራ ለአንቺ ያስታቀፈችው የምን እንቁላል ነው?»

«የአንቺ ነጭና የኔ ቀይ።»

«በአንድ እንቅብ?»

«በአንድ እንቅብ።»

«በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ። ምን ልትዪ ነው?»

«ከቀዮቹ የሞተብሽ አለ?»

ወለላ በጣቷ ቆጠረች። «ጭልፊት የወሰደው አለ» አለች በመጨረሻ።

«ጭልፊቱንም ሀጀራ ልካዋለች በይ!» አለ አንድ ሰው። ሳቅ ሆነ። አስካለ ሳቁ እስኪያልፍ አልጠበቀችም፤ ወደ ሁለተኛዋ ሴት፣ ወደ ሦስተኛዋ ዞረች። መልሱ ሁሉ አንድ ነው። የሞቱት የሻሼ ናቸው። እጁ አንድ፣ እንቁላሉ ሁለት።

«በሽታው በእንቁላሉ ነው የመጣው» አለች። «ከዚች ናት። እኔ ነኝ የሰጠኋችሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ።»

«ይቺ ጤነኛ አይደለች እንዴ? ከአንቺ ትወፍራለች እኮ!» አለች ወለላ።

«ከኔማ ማን የማይወፍር አለ» አለች አስካለ። ሻሼን ወደ ካሳው ዘረጋቻት። ሴት በገዛ እጇ ዶሮ አታርድም። «ባርከህ እረዳት። የልጆቿንም ሁሉም በየቤቱ ያሳርድ። የታመመውን ቅበሩት፤ ከሻሼ ዘር እንቁላል ማንም እንዳያስታቅፍ።»

ካሳው ዶሮዋን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሻሼ ሰው የለመደች ናት፤ እጁ ላይ ዝም ብላ አንገቷን አሽከርክራ ሰዉን ታየዋለች። ካሳውም ሰዉን አየ። ከዚያ ሀጀራን አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«ሸንጎው ለሳምንት ይሁን» አለ።

ለሳምንት ፈቃደኛ ተመረጠ። ሁለት ጎልማሶች በጨለማ ወደ በረሃ ጠፍተው ስለነበር የእነሱ ስም ለወረዳ ተሰጠ፤ የሚጫን ሰው ስለሌለ ነገሩ በዚያው ቀረ። የሀጀራን ስም የጠራ አልነበረም። ወለላ ሳትቀር፣ «እኔ እኮ መጀመሪያም አላልኩም» እያለች ዞረች።

ሻሼ ስትከፈት ሆዷ ንጹሕ ነበር። ጉበቷ ቡናማ፣ ለስላሳ። አስካለ ሥጋዋን አልቀመሰችም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። አላበቃም። በጥር የመንደሩ የሐበሻ ዶሮዎች መታቀፍ ሲያምራቸው ሴቶቹ ሀጀራን አልጠሩም። ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፣ ይቅርታ የጠየቋትም አሉ። እንቁላሉን ግን ራሳቸው ያስቀምጣሉ። አስካለ በየደጁ እየቆመች፣ «ለምን ሀጀራን አትጠሯትም?» ትላቸዋለች። «አይ፣ እንዲያው ለማንኛውም» ይሏታል። በዚህ «ለማንኛውም» ውስጥ የተሰፋውን ጥርጣሬ ገብቶ የሚያወጣው ሰው አልተገኘም።

የአስካለ ቀይ ዶሮ ለመታቀፍ የደረሰች ዕለት አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ ገባች።

«ነይ አስታቅፊልኝ።»

ሀጀራ ማሽላ ስታበጥር ነበር። ቀና አላለችም። «ሌላ ፈልጊ፣ እቴ።»

«ሌላ አልፈልግም። ምን ሆነሻል? ነገሩ በእንቁላሉ እንደነበር ሰዉ ሁሉ ሰምቷል።»

«ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ።» ሀጀራ እጇን ከሰፌዱ አንስታ መዳፏን አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚታይ። «ወላሂ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አስካለ፤ እኔም አምኜ ነበር። ያኔ ሁሉም ሲሸሸኝ፣ እውነትም ከዚህ እጅ ይሆናል አልኩ። ጫጩት ሳይ ዓይኔን እሰብራለሁ። አሁንም እሰብራለሁ። አንቺ ስትናገሪ ከሰዉ ወጣ ይሆናል፤ ከኔ አልወጣም።»

አስካለ «አይፈታም» ያለው የሐኪሙ ቃል አፏ ላይ መጣባት፤ አልተናገረችውም።  እዚያው በር ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ሰፌዱን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«ባይፈለፈሉም ይቅር» አለች በመጨረሻ። «በአንቺ እጅ ይበላሹ። እኔ እንደሆነ ሻሼን ካሳረድኩ ወዲያ የምፈራው ዶሮ የለም። ተነሽ በናትሽ!»

ሀጀራ ብዙ ቆይታ ተነሳች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ተከትላት ወደ አስካለ ቤት ገባች። እጇን አንዴ ታጠበች፤ እንደገና ታጠበች። እንቁላሎቹን ጭዱ ላይ ስትደረድር አንዱ ሊወድቅባት ሲል በክንዷ ደገፈችው። «ቢስሚላህ» ያለችው በጣም ቀስ ብላ ነው። ቀይዋ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ፣ ከፍ ዝቅ ብላ እንቁላሎቹን በሆዷ አስተካከለችና ሰፈረች።

አስካለ ከበሩ ወደ እንቅቡ፣ ከእንቅቡ ወደ በሩ ትመላለሳለች። ደግሞ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ሀጀራ የዶሮዋን ጀርባ በመዳፏ እያሻሸች፣

«አንቺ ሴት!» አለቻት እንደ ድሮው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ቁጭ በይ እንጂ! ዶሮዋ እንኳ አርፋ ተቀመጠች።»

አስካለ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በግማሽ መቀመጫዋ፣ እግሯ ወደ በሩ እንደ ዞረ።